ውሃው ሲሸሽ

ባሕር ዳር ያደገ ሰው ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ ሲያስብ ወደ ታች ነው የሚያየው፤ ወንዙ ወደሚሄድበት። ፒራሚዱ እዚያ ነው። ፈርዖኑ እዚያ ነው። ጽሕፈቱም እዚያ ነው። እኛ ውሃና አፈር ላክን፣ እነሱ ታሪክ ሠሩበት። ይህን ነገር ካፌ ውስጥ፣ ባጃጅ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። ከኋላው ደግሞ ያ የዓባይና የግንዱ ተረት ይከተላል። ሁላችንም ስለምናውቀው አልደግመውም።

ቁጭቱ ይገባኛል። ጥያቄው ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። «እነሱ ሠልጥነው እኛ ለምን ቀረን?» ስንል ሥልጣኔን ጎበዝ ተማሪ የሚወስደው ሽልማት አድርገነዋል። ፒራሚዱ ከመቆሙ በፊት ያለውን ረጅም ዘመን ስናይ ግን ነገሩ ሽልማት አይመስልም። ጭንቅ የወለደው ይመስላል። ውሃ ይሸሻል። ሰው የቀረችው ውሃ ዳር ይሰበሰባል። መላው፣ ጠቡ፣ ቆጠራውና ንጉሡ የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ ፍለጋ ደግሞ ካይሮ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ብዙው እዚሁ ጣና ዙሪያ ነው ያለው።

ችግሩ እኛ ራሳችን ታሪኩን ስንናገር መሐሉን እንዘለዋለን። የእህቴ ልጅ ለፈተና ስታጠና ሰማኋት። ሉሲ፣ ሐዳር፣ እ.ኤ.አ. 1974፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ትንፋሽ ሳትወስድ ዳዓማት፣ የሓ፣ አክሱም። እኛም ስንማር እንዲሁ ነበር። ከሉሲ እስከ አክሱም ሦስት ሚሊዮን ዓመት አለ እኮ! ጎና ላይ ድንጋይ እየፈለጠ ስለት ያወጣው ፍጡር፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ እዚያ መሐል ነው። ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የእኛው ዝርያ፣ ዕድሜው ከ230 ሺህ ዓመት በላይ ነው የተባለው፣ እዚያ መሐል ነው። ባሌ ተራራ ላይ ፊንጫ ሐበራ የሚባል ዋሻ ውስጥ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ብርዱን ችለው፣ ፍልፈል እየጠበሱ የኖሩት ሰዎችም እዚያ መሐል ናቸው። ሰው ሰው የሆነው በዚያ በተዘለለው ገጽ ላይ ነው። «የሰው ዘር መገኛ ነን» ብለን ደረታችንን ስንነፋ ግን አጥንቱን እንጂ ኑሮውን አናስታውስም።

እኔን የያዘኝ ሽንፋ ነው።

ከጣና በስተምዕራብ፣ ደጋው አልቆ ወደ መተማ ሲወረድ ሽንፋ የሚባል ወንዝ አለ። ወደ ሱዳን ይፈስሳል፣ ውሃው መጨረሻ ላይ ዓባይ ውስጥ ይገባል። አገሩ ቆላ ነው። ክረምት ላይ ወንዙ ይሞላል፣ በጋ ላይ ይበጣጠስና እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ይቀራል። እዚያ ወንዝ ዳር ተመራማሪዎች ሽንፋ-መተማ 1 ያሉትን ቦታ ቆፍረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት አወጡ። ቡድኑን የመሩት የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካፕልማን ናቸው። ያገኙት የድሮ ሰፈር ነው። ምድጃ ያለው፣ የተፈለጠ ድንጋይ ያለው፣ ቢላ ያረፈበት የሚዳቋና የዝንጀሮ አጥንት ያለው፣ የዓሣ አጥንትም ያለው ሰፈር።

ሰፈሩን ልዩ ያደረገው ግን አመድ ነው። ከአፈሩ መሐል ከፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ቅንጣቶች ተገኙ። ምንጫቸው ሲፈለግ ቶባ ሆነ። ቶባ ኢንዶኔዥያ ውስጥ፣ ሱማትራ ደሴት ላይ ያለ እሳተ ገሞራ ነው። የዛሬ 74 ሺህ ዓመት ገደማ ሲፈነዳ፣ ባለፉት ሁለት ሚሊዮን ዓመታት ከታዩት ፍንዳታዎች ሁሉ ትልቁ ነበር። አመዱ ውቅያኖሱን ተሻግሮ መተማ ላይ ወረደ። ለብዙ ዓመታት አንዳንድ ሊቃውንት ያ ፍንዳታ ዓለምን በቅዝቃዜና በድርቅ መትቶ የሰውን ዘር ሊያጠፋ ደርሶ ነበር ይሉ ነበር። ሽንፋ ላይ ግን ከአመዱ በታችም ሰው አለ፣ ከአመዱ በላይም ሰው አለ። አልጠፉም። አልሸሹም።

ታዲያ ምን በልተው?

ዓሣ። ከአመዱ በላይ ባለው አፈር የዓሣው ድርሻ በግልጽ ከፍ ይላል። በሰጎን እንቁላል ቅርፊት ውስጥ የቀረው የኦክስጅን ምልክት እንደሚያሳየው አገሩ በጣም ደርቆ ነበር። በጋው ረዘመ፣ ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሆነ። እዚህ ላይ ቆላ ያልኖረ ሰው ሊሳሳት ይችላል። ወንዝ ሲደርቅ ዓሣ የሚጠፋ ይመስለዋል። መጀመሪያ ላይ ተቃራኒው ነው። ዓሣው ሁሉ በቀረችው ኩሬ ውስጥ ይታፈናል፣ መያዝም ይቀላል። አንዷ ኩሬ ስታልቅ ወደሚቀጥለው ነው። ከዚያ ወደሚቀጥለው። ተመራማሪዎቹ ሰው ከአፍሪካ የወጣው እንዲህ፣ ከኩሬ ኩሬ እየተጓዘ፣ በወንዝ መንገድ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ገና ግምት ነው፣ እኔ ግን ወድጄዋለሁ። እኛ ከአፍሪካ መውጣትን እንደ ጀብድ ዘመቻ ነው የምንስለው፤ አንድ ሰው ኮረብታ ላይ ቆሞ አድማሱን እያየ። እነዚህ ግን ዓሣ ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ።

እዚያው የተገኙ ትንንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ጫፎችም አሉ። መጠናቸውና የተሰበሩበት መንገድ ሲታይ የፍላጻ ጫፍ ይመስላሉ። ከሆኑ፣ ቀስት በዓለም ላይ ሥራ ላይ ከዋለባቸው እጅግ ጥንታዊ ቦታዎች አንዱ መተማ አካባቢ ነው ማለት ነው። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው «ታዲያ ለምን ማንም አልነገረንም?» አለኝ። እኔም ሌላ ምን እላለሁ? መሐሉ ነዋ።

አሁን ዓሣ ማረፊያው ጋ እንሂድ። ጀልባዎቹ በጠዋት ከገቡ በኋላ ሐይቁ ዳር ቢላ ሥራ ላይ ነው። ፔሊካኖቹ ተሰልፈው ሆድ ዕቃ እስኪወረወርላቸው ይጠብቃሉ። አንድ ወጣት ቀረሶውን በግራ እጁ ጨብጦ በጀርባው በኩል ይሰነጥቀዋል። አውራ ጣቱን አስገብቶ አንጀቱን በአንድ ስበት ያወጣል። ቅርፊቱ፣ ክንፉ፣ ቆዳው። ሲያወራ እጁን አያየውም። አምባዛው ላይ ሲደርስ ግን ዝም ይላል። አምባዛ ያንሸራትታል፣ ክንፉ አጠገብ ያለው እሾህም ቀልድ አያውቅም። ከሚሸጠው የቀረው ተሰንጥቆ ጨው ተነስንሶበት ገመድ ላይ ይሰጣል። ቋንጣ ይሆናል። እኛ ባሕር ዳር ዓሣ ቋንጣ ብዙም አንወድም፤ ጉላሽና ጥብስ ነው የእኛ ነገር። ቋንጣው ለሱዳን ገበያ ነው። በየት በኩል ያልፋል? በመተማ።

ይህን ሳስብ ትንሽ ፈገግ እላለሁ። በእርግጥ 74 ሺህ ዓመት ያልተቋረጠ ንግድ አለ እያልኩ አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ዓሣን ለክፉ ቀን ማቆየት ግን የዋዛ ነገር አይደለም። ግብፅ ውስጥ አስዋን አጠገብ ዋዲ ኩባኒያ የሚባል ቦታ አለ። ዕድሜው 20 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። እዚያ የተገኘው የዓሣ አጥንት በብዛት የእኛው የአምባዛ ዘመድ ነው። ዓባይ ሲሞላ ዓሣው እንቁላል ለመጣል ወደ ጥልቀት አልባው ሜዳ ይወጣል፣ ሰዎቹም እዚያ ይጠብቁታል። ከዓሣው ጎን የወፍጮ ድንጋይ አለ፣ የረግረግ ሥራሥር የተፈጨበት። እርሻ የለም። ከብት የለም። ከተማማ ጨርሶ የለም። ግን ወቅት አውቆ መጠበቅ፣ በብዛት መያዝ፣ ፈጭቶ መራራውን ማስወገድ አለ። ለእኔ ሥልጣኔ ከተባለ ይህም ሥልጣኔ ነው። ድንጋይ ላይ ድንጋይ ስላልተከመረ ብቻ ለምን ይቀራል?

የሐይቁን ዳር ካነሳን ታንኳን ሳናነሳ አናልፍም። ደንገሉ ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ተነባብሮ ይታሰራል፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ሚስማር የለም። ዛሬም ከዘጌ በኩል እንጨት ጭኖ በረጅም ቀርከሃ እየተቀዘፈ ይመጣል። ውሃ ስለሚጠጣ ወጥቶ መድረቅ አለበት፣ ዕድሜውም አጭር ነው። ያ ደንገል ግብፆች ወረቀት ያደረጉት ያው ተክል ነው። የድሮዎቹ ግብፃውያን በመቃብራቸው ግድግዳ ላይ የሳሏቸውን የደንገል ጀልባዎች ያየ የባሕር ዳር ሰው አይገረምም። የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ልሻገር ብሎ ሲነሳ ደንገሉን ያስጫነው ከጣና ነው። ጀልባውን ራ አለው። የመጀመሪያዋ ራ መንገድ ላይ ተበታተነች። ሁለተኛዋ በ1970 ከሞሮኮ ተነስታ ባርባዶስ ደረሰች። የእኛ ደንገል አትላንቲክን አቋርጧል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ሐውልት አላየሁም፣ አንድም ቲሸርት!

ታንኳ ሲባል ደግሞ ነገደ ወይጦ አሉ። ሐይቁን ከሁላችንም ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ታንኳውን፣ የወፍጮ ድንጋዩን፣ ሰፌዱን የሠሩልን እነሱ ናቸው። እኛ ደግሞ «ጉማሬ ይበላሉ» ብለን አብረን ማዕድ አንቀመጥም አልን። ቋንቋቸው ጠፋ። ጉማሬ አደኑም ከቀረ ቆየ፣ ንቀቱ ግን ገና ብዙ ቤት አለ። አንዳንድ ጎብኚ ደግሞ በሌላ ጽንፍ መጥቶ «የጥንቱን ሰው ሕያው ሆኖ አየሁት» ብሎ ፎቶ ያነሳቸዋል። ይህም ያው ንቀት ነው፣ ሽቶ የተቀባ። የጥንት ሰው ቅሪት አይደሉም፤ ስልክ የያዙ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የሚልኩ፣ የመሬት ጥያቄ ያላቸው የዛሬ ሰዎች ናቸው። ሐይቁ ዳር ኖሮ ከሐይቁ መብላት ኋላ ቀርነት አይደለም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ወደ ውሃው ልመለስ።

ጣና ራሱ ደርቆ ያውቃል። መጀመሪያ ሳነብ አላመንኩም ነበር። ተመራማሪዎች ከሐይቁ ወለል ሥር በቱቦ የደለል ናሙና አወጡ። ደለል በየዘመኑ እየተደራረበ ስለሚተኛ ወደ ታች በተሄደ ቁጥር ወደ ኋላ ይኬዳል። ታች ላይ የደረቀና የጠጠረ አፈር አገኙ። ከላዩ የበሰበሰ የረግረግ ተክል። በ16,700 እና በ15,100 ዓመት በፊት መካከል የሐይቁ እምብርት፣ ዛሬ ጀልባ የሚሄድበት ጥልቁ ቦታ፣ የደንገል ረግረግ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ያም አልነበረም። ውሃው ቀስ በቀስ ሲመለስ መውጫ ስላልነበረው ትንሽ ጨው ጨው አለ። ከዚያ የዛሬ 14,750 ዓመት ገደማ ሞልቶ ፈሰሰና ጨዋማነቱ በድንገት ጠፋ። ጣና እንደገና ከዓባይ ጋር ተገናኘ።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ የባሕር ዳር ሰው ይቀየመኝ ይሆናል። ከዓባይ ውሃ ጣና የሚያዋጣው ጥቂቱን ነው። አብዛኛው ከባሕር ዳር በታች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ከሚገቡት ገባሮች ነው። የጣና መድረቅ ትልቅ ዜና የሚሆነው የደጋው ዝናብ ሁሉ ምን ያህል ቀንሶ እንደነበር ስለሚነግረን ነው። ያን ጊዜ ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር። ዝናቡ ሲመለስም በልክ አልተመለሰም። ዓባይ ታች ላይ ያለ ልክ ሞላ፣ ሸለቆውን አጥለቀለቀ።

በዚህ ሁሉ መሐል ሰዎች አሉ። ሱዳን ውስጥ ዋዲ ሐልፋ አጠገብ ጀበል ሳሐባ የሚባል የመቃብር ቦታ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ተቆፍሮ ነበር። ቦታው ዛሬ ከአስዋን ግድብ ሐይቅ ሥር ነው። ዕድሜው ቢያንስ 13,400 ዓመት ነው። የ61 ሰዎች አፅም ወጣ። ከግማሽ በላዩ ላይ የተወጋ ወይም የተመታ ምልክት አለ። አንዳንዱ ቁስል ድኖ እንደገና የተመታ ነው። ወንዱም ሴቱም ሕፃኑም። የአንድ ቀን ጦርነት ሳይሆን በተደጋጋሚ የተጋጩ ጎረቤታሞች ይመስላሉ። ሰው የቀረችው ውሃ ዳር ይሰበሰባል ስል መሰብሰቡን ብቻ እንዳታዩት። ኩሬዋ ስትጠብ ክርኑ ይነካካል።

ሺዎች ዓመታት ይለፉ። ሰሐራ አንድ ወቅት አረንጓዴ ነበር። ሐይቅ ነበረው፣ ጉማሬ ነበረው፣ ከብት አርቢ ነበረው። የዛሬ 5,500 ዓመት ገደማ ያ ዘመን አበቃ። ሜዳው ደረቀና እረኞቹ ወደ ዓባይ ሸለቆ ተጠጉ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3100 ገደማ፣ ግብፅ በአንድ ንጉሥ ሥር ሆነች። በሁለቱ መካከል ግንኙነት የለም ማለት ይከብደኛል። በረሃው ከግራና ከቀኝ ገፋ፣ ሁሉም አንዲት ቀጭን አረንጓዴ መስመር ላይ ታጨቀ። ከዚያ መውጫ የለም። መውጫ የሌለው ሰው ደግሞ ግብር ይከፍላል።

እኛ ጋ ይህ ለምን በዚያ መልክ አልሆነም? የእኔ መልስ ቀላል ነው። ደጋ ላይ ዝናብ ለሁሉም ይዘንባል። ጎንደሬው በማሳው፣ ጎጃሜው በማሳው ያገኘዋል። አንድ ንጉሥ ቢከፋህ ተራራውን ዞረህ ሌላ ሸለቆ ትገባለህ፣ እዚያም ይዘንባል። ደመና ላይ ግብር ሰብሳቢ ማቆም አይቻልም። ግብፅ ውስጥ ግን ውሃው ሁሉ በአንድ ቦይ ነው የሚያልፈው። እዚያ ቦይ ላይ መለኪያ ማቆም ይቻላል። አቆሙም። የፓሌርሞ ድንጋይ የሚባለው ጥንታዊ መዝገብ የነገሥታቱን ዘመን ሲዘረዝር በየዓመቱ ውሃው ስንት ክንድ እንደሞላ ይጽፋል። ንጉሥ እገሌ ይህን ሠራ፣ ውሃው ይህን ያህል ክንድ ሆነ። ሐምሌና ነሐሴ እኛ ላይ የዘነበውን እነሱ በክንድ ለኩት፣ ከልኩም ምርቱንና ግብሩን ገመቱ።

መስጴጦምያም ብዙ አይለይም። ኡሩክ ከተማ ላይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3300 ገደማ፣ ሰው መጀመሪያ ጭቃ ላይ የጻፈው ግጥም አይደለም። ጸሎትም አይደለም። ገብስ ስንት፣ በግ ስንት፣ ለሠራተኛ ቢራ ስንት የሚል ነው። የዓለም የመጀመሪያው ጸሐፊ የመጋዘን ኃላፊ ነበር። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛ አለኝ፤ ይህን ከነገርኩት ጀምሮ አንገቱን ቀና አድርጎ ነው የሚሄደው።

ይህን ሐሳቤን የሚያስቸግር ነገር ደግሞ አለ፣ አልደብቀውም። ቱርክ ውስጥ ጎቤክሊ ቴፔ አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 9500 ገደማ፣ ቀበሮና እባብ የተቀረጸባቸው ግዙፍ የድንጋይ ምሰሶዎች ቆመውበታል። ያቆሟቸው አዳኞችና ለቃሚዎች ናቸው። ንጉሥ የለ፣ ግብር የለ፣ ቦይ የለ። እዚያ ሰው የተሰበሰበው ለድግስና ለእምነት ይመስላል። የጥማቱ ታሪክ ሁሉንም አያስረዳም ማለት ነው። ጣና ቂርቆስን ወይም ዳጋ እስጢፋኖስን ለማየት ሐይቅ የሚያቋርጠውን ሕዝብ የሚያውቅ ሰው፣ ሰው ለእምነት ብሎ ምን ያህል ድንጋይ ሊሸከም እንደሚችል አይጠፋውም። ቢሆንም ጎቤክሊ ቴፔ ከጊዜ በኋላ ተተወ። ኡሩክና ግብፅ ግን ሺህ ዓመታት ቆዩ። መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፣ መበተን አለመቻል ሌላ።

እኛስ ያኔ ምን እንሠራ ነበር? ደጋችን ባዶ አልነበረም። ጎርጎራ ላይ፣ ከጣና በስተሰሜን ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ አንድ የዐለት ሥር መጠለያ ተቆፍሮ የመካከለኛውና የኋለኛው የድንጋይ ዘመን መሣሪያዎች ወጥተዋል። ያጠናቸው ኋላ በታንዛንያው ኦልዱቫይ ሸለቆ ቁፋሮ ዝነኛ የሆነው ሉዊስ ሊኪ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ጆአን ዶምብሮውስኪ የተባለች አርኪዮሎጂስት ከጣና በስተምሥራቅ ሁለት ዋሻዎች ቆፈረች። አንደኛው ላሊበላ ዋሻ ይባላል፤ ከቤተ ክርስቲያኖቹ ጋር አይገናኝም። ገብስና ሽምብራ ተገኘ፣ ከ2,500 ዓመት ገደማ በፊት የነበረ። የከብት አጥንትና ሸክላም አለ። ሽሮ የምንበላ ሰዎች ይህን በቃላችን መያዝ ነበረብን። አገሩን ያጠናው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሽንፋና ጎርጎራ መካከል፣ ከርብና ከጉማራ ወንዞች ዳር፣ ምን እንዳለ ለማወቅ አካፋ ነው የሚያስፈልገው።

የዘመን አቆጣጠሩን ደግሞ ሳላነሳ ብቀር ይቆጨኛል። የጥንት ግብፃውያን ዓመቱን በ12 ወር ከፈሉት፣ እያንዳንዱን 30 ቀን አደረጉና መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ጨመሩ። ጳጉሜን ማለት ነው። ዓመቱ በሦስት ወቅት ይከፈላል፣ የመጀመሪያው የውሃ ሙላት ነው። ያ ቀመር በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን በኩል ዞሮ ወደ እኛ መጣ። ዛሬም የግብፅ ኮፕቶች አዲስ ዓመት ከእንቁጣጣሽ ጋር አንድ ቀን ነው። እኛ ላይ የዘነበ ዝናብ ግብፅ ወርዶ ዘመን መቁጠሪያ ሆነ፣ መቁጠሪያው ደግሞ ሽቅብ ተመለሰልን። ስለዚህ «ምንም አልመለሱልንም» የሚለው የካፌ ወሬ እንኳ ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም።

ዝናቡ እኛ ጋ ሲቀርስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት 2200 ገደማ ፒራሚድ የሠራው ጥንታዊው የግብፅ መንግሥት ፈራረሰ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። የገዢዎች ሽኩቻም ነበር። በጣና ደለል ውስጥ ግን በዚያው ዘመን ድርቅ ታትሟል። ንጉሡ ራሱን የሙላቱ ጌታ አድርጎ ለሕዝቡ ሲናገር ኖሯል። ሙላቱ ሳይመጣ ሲቀር ማን ያምነዋል? ደመናው የነበረው እዚህ ነው፣ የንጉሡ ቃል የማይደርስበት።

አጎቴ ፎገራ ገበሬ ናቸው። ክረምት ላይ ሐይቁና ወንዞቹ ሞልተው መሬቱን ይሸፍኑታል። በጋ ሲገባ ውሃው ያፈገፍጋል፣ ጥቁርና እርጥብ መሬት ይወጣል። ባሕር ሽሽ ይባላል። ሳይዘንብ በእርጥበቱ ብቻ ሽምብራና ጓያ ይበቅልበታል። ግብፃውያን ሲያደርጉት የኖሩትም ይህንኑ ነው። ችግሩ ውሃው ድንበር አይተውም። አምና የአንተ የነበረው ጉልማ ዘንድሮ የት ላይ እንደሚጀምር ማን ያውቃል? ክርክሩ በየዓመቱ ነው።

አንድ ቀን ቡና እየጠጣን የጥንቱ ግሪካዊ የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ የጻፈውን ነገርኳቸው። ዓባይ የገበሬውን መሬት ሲወስድበት የንጉሡ ሰዎች መጥተው ይለኩ ነበር፣ ግሪኮች ጂኦሜትሪን የተማሩት ከዚያ ነው ይላል። በሉክሶር መቃብሮች ግድግዳ ላይም ገመድ ይዘው ማሳ የሚለኩ ሰዎች ተስለዋል፤ ስልኬ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው ብዙ አዩት።

«ገመዱን የያዘው የማን ሰው ነው?» አሉኝ።

«የንጉሡ።»

«ሁለቱንም ጫፍ?»

«ሁለቱንም።»

«እኛ አንዱን ጫፍ እኔ፣ አንዱን ባላንጣዬ ነው የምንይዘው። ሽማግሌ መሐል ይቆማል» አሉ። ከዚያ ባላንጣቸው ገመዱን አላልቶ ይይዛል የሚለውን ጀመሩ። አክስቴ ሦስተኛውን ቡና አቅርባም አልጨረሱም።